ያላልሽው ቃል

ኮዬ ፈጬ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለነጅላ እናት፣ ለኡምሰልማ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺም፣ ወንድምሽ ሀይረዲንም፣ ልጆቹም በጤና ሰንብታችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን አንድ ወረቀት ብቻ ነው የጻፍኩልሽ፤ እሱም ከጅቡቲ መንገድ በሾፌር እጅ የላክሁት፣ «ሽንኩርቱ ሳይበላሽ ሽጪው» የሚል ነበር። ስልክ ብደውል አታነሺም። ብታነሺም አውቀዋለሁ፤ ድምፄ ከፍ ይላል፣ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ ዝም ስትዪ ደግሞ የባሰ እጮኻለሁ። ወረቀት ላይ መጮህ ስለማይቻል ወረቀት ይሻላል አልኩ። የሚያደርስልሽ ሙከሚል ነው፤ ኮምቦልቻ ጭነት ሲያመላልስ በከሚሴ የሚያልፈው ልጅ። ነጅላ መጻፌን አታውቅም።

የሕግ ትምህርት መግቢያውን ፈተና ማለፏን ራሷ ደውላ ነግራሻለች። «እማዬ አልሐምዱሊላህ አለችና አለቀሰች» ብላኛለች። እንዴት እንዳለፈች ግን አልነገረችሽም። ስለ ራሷ ማውራት አትወድም፤ እንደምታውቂው ይሄን ከእኔ አልወሰደችም። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

በመጀመሪያው ፈተና ስትወድቅ የጣላት አንድ ክፍል ነው። እንግሊዝኛው ደህና ነበር፣ ጠቅላላ ዕውቀቱም ደህና ነበር። የጣላት «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለው የአስተሳሰብ ጥያቄ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጡሽና ከእሱ ተነስቶ የትኛው እርግጠኛ ነው፣ የትኛው አይደለም ይሉሻል። ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። በዚያ ላይ ኮሌጁ ሁለት ጊዜ የወደቀን ለሦስት ዓመት ለፈተና አያስቀምጥም። ሁለተኛውም ካመለጣት ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ስትፈትሽ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው ማለት ነው። ይህን አንድም ቀን አላማረረችም። ፎቶ ኮፒ የሆነ መጽሐፍ ከአንድ የሕግ ተማሪ ተቀበለች፤ በሄደችበት ሁሉ ከእጇ አይለይም።

እኔ አሁን ጭነት ትቼ የፋብሪካ ሰርቪስ እንደምነዳ ሰምተሻል። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠራተኛውን ከኮዬ አንስቼ ቂሊንጦ አደርሳለሁ። ነጅላም አብራኝ ትሄዳለች፤ ከፊት፣ ሞተሩ አጠገብ ካለችው ወንበር። ጥናቷን የምታጠናው እዚያ ነው። መጀመሪያ ለብቻዋ ታነብ ነበር። በኋላ ግን «ለሌላ ሰው ካላስረዳሁት ለራሴም አይገባኝም» አለችና ተማሪ አደረገችኝ። ተማሪውስ ምን ያህል ደነዝ እንደነበረ ልንገርሽ።

አንድ ቀን እየነዳሁ፣ «አባ፣ በሩ ላይ ‹መታወቂያ የሌለው አይሳፈርም› ብለህ ለጥፈሃል። ሱፍያን መታወቂያ አለው። ይሳፈራል?» አለችኝ። ሱፍያን ከኋላ የሚቀመጥ የማሽን ጠጋኝ ልጅ ነው።

«ይሳፈራላ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምን ያጠራጥራል? መታወቂያ ካለው ይሳፈራል።»

«ታዲያ ትናንት መታወቂያውን ይዞ ምን አደረግከው?»

ኋላ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ትናንትና ወንበር ሞልቶ ስለነበር ሱፍያንን ከበር መልሼዋለሁ። እሱም ከኋላ፣ «ጠበቃዬ! በደንብ ያዥልኝ!» እያለ ይጮኻል።

«አየህ» አለችኝ፣ «ጽሑፍህ የሚናገረው መታወቂያ ስለሌለው ሰው ብቻ ነው። ስላለው ሰው ምንም አላለም። ያለው ሰው ሊሳፈርም ላይሳፈርም ይችላል። ከጽሑፍህ በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ የተሳፈረ ሰው ካየን መታወቂያ አለው። አንተ ግን ገለበጥከው።»

አልገባኝም። ገባኝ አልኳት እንጂ አልገባኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባሱ ሁሉ ተማሪ ሆነ። የፈረቃ ሠራተኛ ንጋት ላይ እንዴት አኩርፎ እንደሚሳፈር አታውቂም። አሁን ከኮዬ እስከ ቂሊንጦ ሲከራከሩ ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ያመጣል፣ ሌላው ይገለብጠዋል፣ እሷ ትዳኛለች።

ሰኔ ላይ ደግሞ የሐናን ነገር መጣ። ሐናን ከነጅላ ጋር በአንድ መስመር የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጇ ታሞባት ሁለት ቀን ቀረች። ስትመለስ የመስመር ኃላፊው ግድግዳ ላይ ወዳለ ማስታወቂያ ጠቁሞ፣ «ካርድሽን አስረክቢ» አላት። ማስታወቂያው «ከሦስት ቀን በላይ ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል» ይላል። ከሰዓት ስንመለስ ሐናን እያለቀሰች ገባች፤ ባሱም ተንጫጫ።

«ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረችው! አትሰናበትም ማለት ነው! ወረቀቱ ራሱ ይናገራል!» አለ ሱፍያን።

«አይናገርም» አለች ነጅላ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እኔም በጎን አየኋት። የጓደኛዋ ጠላት የሆነች መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ወረቀቱ የሚናገረው ከሦስት ቀን በላይ ስለቀረ ሰው ነው። ስለ ሁለት ቀን አይሰናበትም አላለም፣ ይሰናበታልም አላለም። ኃላፊው ወረቀቱን ያላለውን አስብሎታል። እኛም ያላለውን ካስባልነው ነገ የሰው ኃይል ቢሮ ስንገባ አንድ ጥያቄ ጠይቀው ያባርሩናል።»

በማግስቱ ሐናንን ይዛ የሰው ኃይል ቢሮ ገባች። የሆነውን የነገረችኝ ሐናን ናት። ነጅላ ሴትዮዋን፣ «ይህ ማስታወቂያ ሐናንን እንደማይመለከት እንስማማ? እሺ። ታዲያ የምትሰናበተው በየትኛው ደንብ ነው? ካለ አሳዩንና እናንብበው» ብቻ አለቻት። ደንቡን አገላበጡ፣ ስልክ ደወሉ፣ ኃላፊውን ጠሩት። አላገኙም። ለሐናን ማስጠንቀቂያ ጽፈውላት ወደ ማሽኗ ተመለሰች። «ጋሽ ከማለዲን፣ ድምጿን ከፍ እንኳን አላደረገችም እኮ!» አለችኝ ሐናን። ይሄንንስ ከማን እንደወሰደች ልንገርሽ? እኔ ብሆን ጠረጴዛ ደብድቤ፣ ሐናንን አስባርሬ፣ እኔም ተባርሬ እወጣ ነበር።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ሁለት ቀን ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤት ቁጭ ብለን ሃያ ዓረፍተ ነገር ጻፈችልኝ። አሥራ አራቱን ገለበጥኳቸው። እንደገና ጻፈችልኝ፤ እንደገና ገለበጥኩ። መጨረሻ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና፣

«አባ፣ ይሄ ትምህርቱ ከብዶህ አይደለም። መገልበጡን ሌላ ቦታ ለምደኸው ነው» አለችኝ።

«የት ነው የለመድኩት?»

«ብነግርህ ትቆጣለህ።»

«አልቆጣም» አልኳት። ይህን ስል ተቆጥቼ ነበር።

«እማዬ ከሚሴ፣ የአጎቴ በር ላይ ቆማ ምን አለችህ? ቃል በቃል።»

«ጫት ከተውክ እመለሳለሁ አለች።»

«አላለችም።»

«ነጅላ!»

«አላለችም፣ አባ። ቦርሳህን ይዤ አጠገብህ ነበርኩ። ‹ጫት ካልተውክ እዚያ ቤት አልመለስም› ነው ያለችህ።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻቸው። ሁለቱንም ጻፍኳቸው፤ እኔ ያልኩትን ከላይ፣ እሷ ያለችውን ከታች፣ በዚያ በምታውቂው ጠማማ ጽሕፈቴ። ብዙ አየኋቸው። ያን ቀን የቆምሽበት በር፣ ጥቁር ነጠላሽ፣ ድምፅሽ ሁሉ መጣብኝ። የላይኛውን ቃል በድምፅሽ ልሰማው ሞከርኩ። አልመጣም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ኡምሰልማ፣ ያን ቃል በአንቺ አፍ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ያልሽው እየመሰለኝ ኖርኩ።

«አንድ አይደሉም» አልኳት።

«አይደሉም።»

«ጫቱን ትቻለሁ እኮ። ከዚህ ሌላ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለች ልጅሽ። «ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ተነሥቼ ወጣሁ። አራት ፎቅ ወርጄ፣ ገና ያልተለሰኑትን ሕንፃዎች አልፌ፣ የድሮው የጤፍ ማሳ ድረስ ሄድኩ። ሲጨልም ተመለስኩ። እዚያው ቁጭ ብላ እያነበበች ነበር። ጫማዬን አወለቅኩና አጠገቧ ተቀምጬ «ቀጥይ» አልኳት። ቀጠለች። የዚያን ምሽት ከሃያው ሁለት ብቻ ሳትኩ።

አሁን የእኔን ልናገር።

ጥር ላይ ሽማግሌ ስልክብሽ ወንድምሽና ጎረቤቱ ፊት «ቃሏን በልታለች» እንዲሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «እኔ የተባልኩትን አደረግሁ፣ እሷ ግን ዋሸች» ብዬ ነው የላክኋቸው። አንቺ አንድም ቃል አልመለስሽም አሉኝ። ምሳ አብልተሽ ሸኘሻቸው። እኔ ዝምታሽን ጥፋትሽን እንዳመንሽ ቆጠርኩት። ያላልሽውን ቃል በላሽ ብዬ ከሰስኩሽ፣ ኡምሰልማ። ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው ሄጄ እንደተሳሳትኩ ነግሬያቸዋለሁ። ለሀይረዲንም ንገሪልኝ፤ ወይም ይህን ገጽ አንብቢለት።

ከዚያም በፊት ያለው አለ። በአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ ልጻፈው። ሀይረዲን ደውሎ እናትሽ እየከበዳት ነው ባለ ቀን መኪና ይዤ ስምንት ሰዓት እመጣለሁ አልኩሽ። ልብስሽን ይዘሽ በር ላይ ቁጭ ብለሽ ጠበቅሽኝ። እኔ ሳሪስ አቦ፣ አንድ ጓደኛዬ ቤት፣ ስልኬን አጥፍቼ ስቅም ነበር። ከጨለመ፣ ከመግሪብ በኋላ መጣሁ። በማግስቱ ከሚሴ ስንደርስ ከቀብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አገኘናቸው። በስምንት ሰዓት ተነስተን ቢሆን በሕይወት ትደርሺባት ነበር። መንገዱን ሙሉ «ጎማ አስቸግሮኝ ነው» እያልኩሽ ነዳሁ። ጎማ አልነበረም። አንቺም እንዳልነበረ ታውቂ ነበር። አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁሽም። ጫቱን ስተው ሁሉም ነገር የተከፈለ መስሎኝ።

ይቅር በይኝ። ይህን የምለው እንድትመለሺ ብዬ አይደለም። እንዲያው ይቅር በይኝ። ሽማግሌ ሁለተኛ አይመጣብሽም።

እሺ፣ ወደ ልጃችን ልመለስ፤ ደስ የሚለው እሱ ነው።

ፈተናው ቅዳሜ ነሐሴ 24 ሆነ። ያን ቀን የጠዋት ፈረቃ ነበራት፤ ፋብሪካው ትእዛዝ በዝቶበት ፈቃድ ከለከላት። ሐናን ሰማችና፣ «የዕረፍት ቀኔ ነው፣ እኔ እገባልሻለሁ» አለች። «ልጆችሽስ?» ስትላት፣ «እናቴ አለች። ደግሞ አንቺ ለእኔ ቢሮ ስትገቢ ልጅ አለሽ ወይ ብዬ ጠይቄሻለሁ?» አለቻት። ሠራተኛውን አድርሼ ባሱን ግቢ አቆምኩና በታክሲ አብሬያት ሄድኩ። የፈተናው ቦታ ከሳሪስ አቦ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ያ ሰፈር ስንደርስ ወዴት ማየት እንዳለብኝ ጠፋኝ። ነጅላ አወቀችብኝ መሰለኝ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

ዝናብ ነበር። ወላጆች በአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠግተን ቆምን። ወልደየሱስ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አምጥተው ኖሮ፣ «ልጅዎ በደንብ አጥንታለች?» አሉኝ። «እኔን እንኳን አስተምራኛለች» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ተፈታኙ ወጥቶ አለቀ፤ የሳቸውም ልጅ ወጥቶ ሄዱ። ነጅላ የለችም። ዘበኛው አንዱን የበሩን ክንፍ ዘጋው። ወደ በሩ ተጠጋሁ። በመጨረሻ ብቻዋን ወጣች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ምነው ልጄ?»

«ጨርሼ ላስረክብ ተነሥቼ ነበር። እንደገና ሳየው ሰባት ጥያቄ ገልብጫለሁ። ሰባት፣ አባ! ስለቸኮልኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ፣ ምን አለ፣ ምን አላለም እያልኩ አረምኳቸው። የመጨረሻውን ሳጠቁር ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት።»

ሰው ተነሥቶ ሲሄድ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ የራሱን ስህተት መፈለግ! እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ ያልቻልኩትን ልጅሽ በሃያ ሦስት ዓመቷ አደረገችው። ሻይና ብስኩት ጋበዝኳት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣችና እንደ ሕፃንነቷ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ ታክሲው ውስጥ፣ እስከ ኮዬ።

ውጤቱ መስከረም ላይ በስልክ መጣ። ቂሊንጦ በር ላይ ልደርስ ስል ነው ያየችው። ስትጮህ ሰው የገጨሁ መስሎኝ ፍሬን ረገጥኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተፈትነው አርባ ሰው ወስደዋል፤ እሷ ዘጠነኛ ናት። ባሱ በጭብጨባ ተናጋ። ሱፍያን ወንበር ላይ ቆመ፤ ሐናን እልል አለች። እኔ መሪውን ይዤ ወደ ፊት ነበር የማየው፤ ዞሬ ላያት አልቻልኩም።

ባለፈው ሰኞ ማታ የመጀመሪያ ትምህርቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ደክሟታል፣ ልውሰዳት ብዬ የጎረቤቴን የዘካሪያስን መኪና ተውሼ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት አቆምኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ። ከሦስት ተማሪዎች ጋር እየተከራከረች ነበር። አንዱ ረጅም ልጅ አንድ ነገር ተናገረ፤ እሷ ቆም አለችና መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ መለሰችለት። አንቺን ነው ያየሁት። እንዲያው አንቺን። ልጁም ሌሎቹም ሳቁ።

በመኪናዋ አጠገብ ሲያልፉ ክላክስ ላደርግ እጄን አነሣሁ። መልሼ አወረድኩት። እያወሩ ወደ ታክሲው ሰልፍ ሄዱ። ቀድሜያት ቤት ገባሁና እራት አሞቅኩ።

«ልትወስደኝ ትመጣለህ ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ ስትገባ።

«መጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ወሬ ይዘሽ ነበራ።»

ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ልጅ አባቱን ግንባሩ ላይ ሲስም አይቼ አላውቅም ነበር።

ወሬያችን ይኸው ነው። አላህ ለእናትሽ ቀብሯን ኑር ያድርግላት፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት። ለአንቺም ጤናና ሰፊ ልብ ይስጥሽ፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ ስላሳደግሽ ምንዳሽን ያብዛልሽ። ብርድ ገብቷል፤ ጉልበትሽን አሙቂ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።

የነጅላ አባት፣
ከማለዲን